ጾመኛይቱ ሸረሪት

ባለፈው በጋ በሲልቨር ስፕሪንግ ከልጄ ቤት ሰንብቼ ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት የልጅ ልጄ ከመኝታ ክፍሉ ሮጦ መጥቶ «አባባ፣ ና እይ፣ ተገልብጣለች! ግን እንዳትነካት» ብሎ እጄን እየጎተተ በወሰደኝ ጊዜ፣ ዓይኔ መነጽሩን ሳያገኝ አፍንጫዬ ቀድሞ ነገሩን አወቀው። ከመስተዋቱ ሣጥን የሚወጣው፣ በሞቀ ቤት ውስጥ የታመቀ የእርጥብ አፈር ሽታ ማንም ሰው በተለይ የሚወደው አይደለም፤ እኔን ግን ከዚያ ክፍልና ከዚያ ልጅ አጠገብ ነጥቆ፣ በዋሽንግተን ከተማ በማውንት ፕሌዛንት ሠፈር ወደ ነበረው አሮጌ የጡብ ቤት፣ ወደ 1977 ዓ.ም. የጥር ብርድ አደረሰኝ።

የልጁ ታራንቱላ ራሷ በፈተለችው ስስ የድር ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ስምንቱን እግሮቿን ወደ ላይ አንሥታ፣ የጉልበቷ ብርቱካንማ ቀለም ደብዝዞ፣ ያለ አንዳች እንቅስቃሴ ትታይ ነበር። ልጁ ግን ምንም አልደነገጠም፤ ቅርፊቷን ልትለውጥ እንደ ተዘጋጀች፣ ጥቂት ሰዓት ዝም ብሎ መጠበቅ እንደሚገባው ያውቃል፤ ዕውቀቱንም ያገኘው ከኔ አይደለም፤ የዛሬ ልጆች ለእንዲህ ያለው ነገር አያት አያስፈልጋቸውም። እኔ ከግድግዳው ተደግፌ ቆሜ፣ ከርሱ ይልቅ የኔ ልብ ሲመታ ሰማሁ።

የዚያ የጡብ ቤት ባለቤት በከተማይቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሥነ ሕይወት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ። ወገኖቻችን በአዳምስ ሞርጋን፣ በ18ኛው ጎዳና ግራና ቀኝ፣ እንጀራ የሚሸጥባቸውን ምግብ ቤቶች መክፈት በጀመሩበት በዚያ ወራት፣ አሮጊቷ የላይኛውን ደርብ ክፍሎች ለእኛ ለስደተኞቹ ያከራዩ ነበር፤ ለምን እኛን እንደ መረጡ ሲጠየቁም፣ ኢትዮጵያውያን ምሽት ላይ ድምፃቸው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ነው ይሉ ነበር፤ ይህ ምስክርነት እውነት መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ። ከክፍሌ ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው፣ በአዲስ አበባ ከዳኝነት ወንበር ተቀምጠው ፍትሐ ብሔርን በቃላቸው የሚያነበንቡ፣ በዋሽንግተን ግን ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ፣ ኩሩና ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ ከሳሎኑ ጥግ ስላለው ሣጥን ሲነሣ ግን ቀልዳቸው ይጠፋና ያማትባሉ።

በሣጥኑ ውስጥ የምትኖረው በሜክሲኮ አገር፣ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ በሚያዘቀዝቁት ተራሮች በጉድጓድ የምታድር፣ ጉልበቷ ቀይ ብርቱካንማ፣ ቀሪው ገላዋ ጥቁር የሆነ ታራንቱላ ነበረች። ስም አልነበራትም። ባለቤቲቱ፣ ስም የወጣለት እንስሳ እጅ ይበዛበታል ብለው ያምኑ ነበርና፣ ሃያ ዓመት አልፎ ሊኖር ለሚችል ፍጡር ከሚደረግ ቸርነት ሁሉ የሚበልጠው አለመዳሰስ ነው እያሉ ያስተምሩን ነበር። ንድፊያዋ ለሰው ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም፤ ስትቆጣ ግን በኋላ እግሮቿ ሆዷን እየፋቀች፣ ጫፋቸው እንደ ቀስት የተሰካካ ረቂቅ ጠጉሮችን ትበትናለች፤ እነርሱ ከቆዳ ወይም ከዓይን ከገቡ ማሳከካቸው ሰንባች ነው። ስምንት ዓይን ተሰጥቷት ሳለ የምታየው ጥቂት ነው፤ ዓለምን የምታውቀው በእግሯ ጠጉር በሚሰማት መንቀጥቀጥ ነውና፣ የቤቱን ደረጃ ማን እንደ ወጣ ከእኛ ቀድማ ታውቅ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

በዚያ ዘመን የነበረው አያያዝ ከዛሬው ብዙ ይለያል። የሣጥኑን ወለል በእሳት ተነፍቶ የቀለለ ቬርሚኩላይት የሚባል ማዕድን ከአበባ መትከያ አፈር ጋር ቀላቅለው ይሞሉታል፤ ከውኃ ሳሕኗም ሰፍነግ ይነክራሉ፤ ሸረሪቷ ውኃውን ከሰፍነጉ ትመጠዋለች ተብሎ ይታመን ነበርና። ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ ሰፍነግ ቆሻሻና ተሐዋስያን ከማጠራቀም በቀር አንዳች ጥቅም እንደሌለው፣ ታራንቱላ ጥልቀት ከሌለው ሳሕን ጎንበስ ብላ እንደምትጠጣ፣ አፈሩም የኮኮነት ቃጫ ቢሆን እንደሚሻል አስረዳኝ። የመምህሯን ሥርዓት በአንድ ሳቅ ሲሽረው በጥቂቱ ተቀየምሁ፤ አሮጊቷ ራሳቸው ግን በሕይወት ቢኖሩ ከልጁ ጋር ተስማምተው ሰፍነጉን አውጥተው የሚጥሉ ሰው እንደ ነበሩ አውቃለሁ።

ሸረሪቷ ምግብ እምቢ ያለችው ከኅዳር ጽዮን ሰሞን ጀምሮ ነው። ሌላ ጊዜ ፌንጣ ሲጣልላት ከቅጽበት በፊት ታንቀው የነበረችው፣ አሁን ፌንጣው በእግሮቿ መካከል ሲመላለስ እግሯን እያነሣች ታሳልፈው ጀመር። አሮጊቷ በእጅ ባትሪ እያበሩ ከሆዷ በስተኋላ በኩል ያለውን፣ ጠጉሩን ፍቃ በትና የመለጠችውን ቦታ አሳዩኝ፤ ያ ቦታ ቀድሞ የነጣ ነበር፤ ከሳምንት ሳምንት ግን እየጠቆረ ሄደ። ጥቁረቱ ከአሮጌው ቅርፊት ሥር ተሠርቶ ያለቀው የአዲሱ ቅርፊት ጠጉር ነው አሉኝ፤ የሸረሪት ቅርፊት ከሥጋዋ ጋር የማያድግ ስለ ሆነ፣ ፍጥረቷ ከውስጥ ሌላ ልብስ እየሠራ፣ በአሮጌውና በአዲሱ መካከልም የአሮጌውን ውስጠኛ ሽፋን የሚያሟሟ ፈሳሽ እያፈሰሰ፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው ግን ታማ የተኛች እስክትመስል ድረስ በዝምታ ይዘጋጃል።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ያስተማሩኝ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ሳይሆን አባቴ ናቸው። አባቴ በጎጃም መሪጌታ ነበሩ፤ ከጽርዕ ወደ ግዕዝ በጥንት ዘመን የተመለሰውን፣ አራዊትንና አዕዋፍን በምሳሌ የሚተረጕመውን ፊሳልጎስ የተባለ መጽሐፍ ያውቁ ነበርና፣ በልጅነቴ በምድጃ ዳር ስለ እባብ ያወጉኝ ነበር። እባብ ባረጀ ጊዜ ዓይኑ ይፈዛል፤ ወጣትነቱን በተመኘ ጊዜ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ይጾማል፤ ሥጋው ከስቶ ቆዳው በላላ ጊዜ በዐለት መካከል ጠባብ ስንጥቅ ፈልጎ በዚያ ተፋግቆ ያልፋል፤ እርጅናውንም ከስንጥቁ ወዲያ ማዶ ትቶት ይሄዳል። አባቴ ይህን የሚተርኩት ስለ እባብ ብለው አልነበረም፤ እኔ ግን ልጅ ነበርኩና ከትርጓሜው ይልቅ እባቡ ይታየኝ ነበር። በማውንት ፕሌዛንት ሳሎን፣ ከዚያ የመጽሐፍ እባብ ይልቅ ብዙ ቀን የምትጾም ፍጡር ስትገጥመኝ፣ የጥንት ሊቃውንት ከተፈጥሮ ርቀው ተረት እንደ ፈጠሩ አድርጎ የሚናገር ትምህርት ቤት የቀመሰ ሰው ሁሉ ጥቂት ቢታገሥ መልካም ነበር አልኩ።

አሮጊቷ ከፈረንጅ ገና በኋላ በበረዶ ላይ አንሸራትቷቸው የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ሲወሰዱ ስለ ቤቱ ኪራይ አልተናገሩም፤ ከአልጋ ላይ ሆነው በመምህርነት ጽሕፈታቸው አንድ ወረቀት ጽፈው ላኩልኝ እንጂ። ውኃው ምንጊዜም ሙሉ ይሁን፤ የአፈሩ አንዱ ማዕዘን ይረጠብ፣ ሸረሪቷ ላይ ግን ጠብታ እንዳይወርድ፤ በሣጥኑ ውስጥ አንድ ፌንጣ እንኳ እንዳይቀር፤ ቅርፊቷን የለወጠች ታራንቱላ ገላዋ ገና ለጋ ስለ ሆነ፣ ምግቧ የነበረው ፌንጣ መልሶ ሊበላት ይችላልና። በጀርባዋ ተኝታ ብታገኛት አትገልብጣት፤ አትንካት፤ አትተንፍስባት፤ ሣጥኑን አታንቀሳቅስ። የሞተች ታራንቱላ ብዙ ጊዜ እግሮቿን ከሥሯ አጥፋ በሆዷ ተደፍታ ትቀራለች እንጂ በጀርባዋ አትንጋለልም። ከወረቀቱ ትእዛዛት አብዛኞቹ በ«አት» የሚጀምሩ ነበሩ፤ አድርግ የሚለው ጥቂት ነው።

የዚያን ዓመት የጥር ብርድ የዋሽንግተን ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል። የፕሬዚዳንት ሬገን ሁለተኛ በዓለ ሲመት በአደባባይ ሊከበር የታሰበው እ.ኤ.አ. ጃንዩዌሪ 21 ቀን 1985፣ በእኛ ጥር 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ ያህል ስለ ደረሰ ሰልፉ ቀርቶ መሐላው በምክር ቤቱ ሕንፃ ጉልላት ሥር ተፈጸመ። በቤታችንም የማሞቂያው ቧንቧ ቀንና ሌሊት ያፏጫል፤ ሙቀቱ አየሩን አድርቆ ከንፈራችንን ሲሰነጥቅ፣ እኔ የምፈራው ለሸረሪቷ ነበር፤ አየር እጅግ በደረቀበት ስፍራ አሮጌው ልብስ ከአዲሱ ተጣብቆ አንድ እግር ሊያስቀር፣ ወይም ጨርሶ ሊገድላት ይችላል ተብዬ ነበርና። ማዕዘኑን በማንኪያ አረጥብ፣ የውኃውን ሳሕን እሞላ፣ ሣጥኑ ከመስኮቱ ራቅ ባለ ስፍራ መሆኑን መልሼ መላልሼ እመለከት ነበር፤ ጥምቀትን በዚህ ዓይነት አከበርሁ።

በበዓለ ሲመቱ ዋዜማ፣ እሑድ ማታ፣ ጋሼ የዕረፍት ሌሊታቸው ስለ ነበረ ሻይ ሊያፈሉ ወርደው ሳለ ጮኹ። ሮጬ ስደርስ ሸረሪቷ በጀርባዋ ተንጋላ ነበር።

«ሞታለች» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «ግንዘቷን ለአንተ ትቻለሁ፤ ነገ ጧት ግን ከቆሻሻው ጋር እንድትወጣ ወስኛለሁ።»

«ጋሼ፣ ወረቀቱ የሞተች እንደሆነ በጀርባዋ አትተኛም ይላል።»

«ይግባኝ ጠየቅህ ማለት ነው?»

«ጠየቅሁ።»

ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው እስከ ንጋት ቀነ ቀጠሮ ተሰጥቶሃል» ብለው፣ ሻያቸውን ይዘው ይሄዳሉ ስል፣ ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። መብራቱን አጠፋን፤ ከኮሪደሩ የሚመጣው ብርሃን ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ አንዳች አልሆነም። ከዚያ በኋላ፣ እኔ ሳላይ ጋሼ ያዩት ይመስለኛል፣ ደረቷን የሚሸፍነው ጋሻ ከፊት ጠርዙ ተሰነጠቀ። ታራንቱላ እግሯን የምትዘረጋው በደሟ ግፊት እንጂ እንደ እኛ በጅማት ኃይል ብቻ አይደለም፤ ቅርፊቷንም ለመስበር የምትጠቀመው ይህንኑ ኃይል ነው፤ በሆዷ ያለውን ደም ወደ ፊተኛው ገላዋ እየገፋች፣ ደረቷ አብጦ አሮጌውን ጋሻ እንደ ክዳን እስኪያነሣው ድረስ ትታገላለች። ደሟም መዳብ ያለበት በመሆኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። ስንጥቁ በሆዷ ጎን ዞሮ ወረደ፤ ከዚያም ስምንቱንም እግሮች በአንድ ጊዜ፣ በመጠኑ በተመዘነ ምት እየሳበች፣ ከስፋቱ ጥቂት በጠበበ ጓንት ውስጥ የገባ እጅ ቀስ ተብሎ እንደሚወጣ፣ ማውጣት ጀመረች። ስትስብ ታርፋለች፤ ስታርፍ እኛም ሳናውቀው እስትንፋሳችንን እንይዛለን። አንደኛዋ የኋላ እግር የቀረች መስሎኝ እጄ ወደ ክዳኑ በተዘረጋ ጊዜ ጋሼ ክርኔን ያዙኝ፤ ፊታቸውን ግን ከመስተዋቱ አላነሡም።

እነሆ፣ የዚያን ሌሊት ያሰብሁትን ለመናገር እቸገራለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሞሐመድ አሚን በካሜራው ያነሣው የኮረም ሥዕል ይታይ ነበር፤ በየቤቱ በምግብ ሰዓት የሕዝባችን ረሃብ ይገባል፤ እኛም ሳህናችንን አስቀምጠን እንነሣለን። አንድ ማታ ጋሼ፣ «ኮረም ላይ ሰው ያልቃል፤ አንተ እዚህ ለሸረሪት ውኃ ትቀዳለህ» ብለውኝ ነበር፤ ምንም አልመለስኩላቸውም፤ እርሳቸውም መልስ የፈለጉ አልመሰለኝም። ከእኛ እጅ ሊደርስ የሚችለው ጥቂት ገንዘብ ነበር፤ ደሞዛችን ምን ያህል እንደ ነበረ ደግሞ ማንም ስደተኛ ያውቀዋል። በቀረው፣ የኛ ድርሻ መመልከት ነበር፤ መመልከትን ደግሞ እንደ ሥራ የሚቆጥር ሕሊና የለኝም። ሆኖም በዚያ ሳሎን፣ አለመንካት ራሱ የሚያደክም ግብር ሆኖ ሳገኘው፣ ሁለቱን ነገሮች ለማመሳሰል ሳይሆን፣ ሁለቱም በአንድ ሰውነት ውስጥ በአንድ ሌሊት ስለ ተገናኙ ብቻ፣ ዛሬ አንዱን ሳስታውስ ሌላው ሳይጠራ ይመጣል።

ሊነጋጋ ሲል ወጣች። ከአሮጌው ልብሷ ጎን ተጋድማ፣ እግሮቿን አንድ በአንድ እየዘረጋችና እያጠፈች፣ የሚጠነክረውን ቅርፊት በሚሻው ቅርጽ ታበጀው ነበር። ቀለሟ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነው፤ ጥቁሯ እንደ ከፋይ ጠልቆ፣ የጉልበቷ ብርቱካን ከእሳት የወጣ መስሎ። ክራንቻዎቿ ግን በረዶ የመሰሉ ነጫጭ ነበሩ፤ በኋላ ቀልተው፣ ከዚያም ጠቁረው እስኪጠነክሩ ድረስ ምግብ አይሰጣትም። ጋሼ ተነሥተው፣ «ውሳኔዬን ሽሬያለሁ» ብለው ወደ ክፍላቸው ወጡ።

አሮጌውን ገለፈት በመንከሻ አውጥቼ በቡና ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ላይ አስቀመጥሁት። ያ ቆርቆሮ ከቤት ቤት ስቀይር ተከትሎኝ ኖሯል። ስለ እርሱ ሳስብ ሁልጊዜ የሚታየኝ የእጄን መዳፍ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ አስፈሪ ግዙፍ ነገር ነበር፤ ዘንድሮ ለልጅ ልጄ ልሰጠው ስከፍተው ግን ከመዳፌ ግማሽ ጥቂት የሚያልፍ ሆኖ አገኘሁት። ብዙ ሰው ትዝታን ከተጣለ ቅርፊት ጋር ሊያመሳስለው ይፈልጋል፤ እኔ ይህን አልቀበልም። የሸረሪት ገለፈት ጠጉር አንድ አያጎድልም፤ ክራንቻዋ፣ የዓይኖቿ መስታወት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረው የሳንባዋ ሽፋን፣ የአፏና የሆድ ዕቃዋ ፊተኛው ክፍል ሽፋን እንኳ ሳይቀር በዚያ ይገኛል። ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ታማኝ ጸሓፊ አይደለም፤ የሚያስፈራውን ያገዝፋል፣ የሚያሳፍረውን ያሳንሳል፣ በእኔም ዘንድ አንዲትን ሸረሪት በእጥፍ አሳድጓት ኖሯል።

ልጁ ገለፈቱን ለብ ባለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ነክሮ እስኪለሰልስ ጠበቀ፤ ከዚያ በመርፌ ጫፍ የሆዱን ክፍል ዘርግቶ፣ በማጉያ መነጽር በሳንባዎቹ መካከል ያለውን ስፍራ ተመለከተና፣ የዘር ማኖሪያ ከረጢቷን አሳየኝ፤ ይህ ሴቶቹ ብቻ ከቅርፊታቸው ጋር የሚጥሉት ነገር ነው። እንስት መሆኗን አሮጊቷ ያወቁት በዕድሜዋ ነበር፤ ወንዱ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይምና። ከመደርደሪያቸው ላይ የአርካንሳሱ ሊቅ ቤርግ በ1958 እ.ኤ.አ. ስለ ታራንቱላ ያሳተመው መጽሐፍ ነበራቸው፤ ይህ ሰው የሸረሪቶችን መርዝ በገዛ ገላው የፈተነ ነው፤ ጋሼ ይህን በሰሙ ጊዜ፣ ፈረንጅ ለዕውቀት ሲል የማያደርገው የለም አሉ፤ ማድነቅ ይሁን መንቀፍ ከድምፃቸው አልለየሁም።

በዚያው ዓመት፣ በ1985 እ.ኤ.አ.፣ የዚህች ታራንቱላ ንግድ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ፤ ከዚያ በፊት ከሜክሲኮ ጉድጓዶች እየተቆፈረች በብዛት ትሸጥ ነበር። የአሮጊቷም እንዲሁ ተቆፍራ የመጣች ሳትሆን አልቀረችም፤ የልጅ ልጄ ሸረሪት ግን በአርቢ ዘንድ የተፈለፈለች ናት፤ ተራራ አታውቅም። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዘርፉ ሊቃውንት የቀይ ጉልበቶቹን ዝርያ መርምረው፣ የጌሬሮ ጠረፍ የሆነችውን ከኮሊማ፣ ከሐሊስኮና ከሚቾአካን ከሆነችው ለይተዋል፤ በየቤቱ ስትያዝ የኖረችው ብዙዋ ከሁለተኛዋ ወገን ሆና ተገኝታለች።

ያን ጊዜ ለአባቴ ደብዳቤ ጻፍሁ። ደብዳቤ በመንገድ ይከፈታል የሚባልበት ዘመን ስለ ነበረ፣ ስለ አገር ጉዳይ መጻፍ አይቻልም፤ ስለ ሥራዬ ብጽፍ ያዝናሉ፤ ስለ ብርዱ ከዚያ በፊት ጽፌ ጨርሻለሁ። ሸረሪቷ ግን ማንንም የማታስቀይም ጉዳይ ነበረችና፣ ጾሟን፣ መንጋለሏን፣ ልብሷን መጣሏን በሙሉ ተረክሁላቸው፤ ለአባቴ ከጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ረጅሙ ያ ሳይሆን አይቀርም። መልሱ ከብዙ ወራት በኋላ መጣ፤ ስለ ጤናዬ ከጠየቁና ከመረቁኝ በኋላ፣ የእባቡን ነገር መጽሐፉ እንደ ተናገረ፣ እኔ በጻፍኩት ውስጥ ግን አንድ ነገር እንደ ጎደለ ገለጹ፤ ስንጥቁ የት አለ? በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ዐለት ከሌለ፣ ሸረሪቷ በምን ተፋግቃ ትወጣለች?

ዐለት እንደማያስፈልጋት፣ ከውስጥ ሆኖ የሚገፋት የገዛ ደሟ እንደ ሆነ ጻፍሁላቸው። በቀጣዩ ደብዳቤያቸው ስለዚህ ምንም አላነሡም፤ የማንበቢያ መነጽር እንድልክላቸው ብቻ ጠየቁኝ፤ ላክሁ።

አሮጊቷ በምርኩዝ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ክራንቻዎቹ ጠቁረው ባበቁበት ሰሞን ነው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወደ ሣጥኑ ሄደው፣ ጎንበስ ማለት ስለማይችሉ ከሩቅ አይተው፣ ሳሕኑ መታጠብ እንዳለበት ነገሩኝ፤ ምስጋናቸው ይኸው ነበር። ከዚያም ልትመገብ ጊዜዋ ደርሷልና ፌንጣ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል አሉ።

ያ ሳምንት ዘወረደ ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገብቷል። እኔ ፈተና ነበረብኝ፤ ወደ እንስሳት መደብሩ በአውቶቡስ የሄዱት ጋሼ ናቸው፤ ማንም አላዘዛቸውም። የሚዘሉ ፌንጣዎች የሞሉበትን የወረቀት ከረጢት በሁለት ጣታቸው ጫፍ ይዘው ከበረዶው ገቡ፤ ከረጢቱን ከጠረጴዛው ላይ አኑረው ጓንታቸውን እያወለቁ፣ የአንዱን ፌንጣ ዋጋ በብር መንዝረው ነገሩን፤ በዚያ ዋጋ በመርካቶ ምን ይገዛ እንደ ነበረም ዘረዘሩ።

«እሷ ጾሟን ፈታች፤ እኛ ገባን» አሉ። «ለአውሬ ሥጋ ገዝቶ ራሱ ሽሮ የሚበላ ዳኛ እንደ እኔ ያለ በታሪክ የለም።»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ሣጥኑ ስበው፣ የመጀመሪያውን ፌንጣ ራሳቸው እንዲጥሉ ፈቃድ ጠየቁ።